የአፍንጫ መታፈን ምንድን ነው? ሚጥሚጣ ያፈሰሰው አፍንጫ ለምን አልተከፈተም?

ጉንፋን ሰፈር ውስጥ ሲገባ አንድ ምክር ተከትሎት ይገባል፤ «አፍንጫህ ከታፈነ የሚያቃጥል ነገር ብላ፣ ንፍጡን ጠራርጎ ያወጣልሃል።» ከጎረቤት ሲመጣ ቅን ምክር ነው፤ ደግ ሰው ያለውን ነው የሚሰጠው። ሰሞኑን ግን ስለ አመጋገብ የሚያስተምሩ አንድ ተናጋሪ ይህንኑ በሳይንስ ስም ሲያስረዱ ሰማሁ። «አፍንጫ የሚዘጋው በንፍጥ ነው፤ ስለዚህ ንፍጥ የሚያስወጣ ምግብ ሁሉ አፍንጫ ይከፍታል» አሉ። መነሻው ስህተት ስለሆነ መደምደሚያው የሚቆምበት መሬት የለውም። እኔ የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ ሐኪም ነኝ። ይህ አስተሳሰብ ስንቱን ሰው ከትክክለኛው ሕክምና እንደሚያዘገየው ስለማይ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

በአብዛኛው የታፈነ አፍንጫ ውስጥ መንገዱን ያጠበበው ያበጠ ሥጋ ነው። በአፍንጫችን የጎን ግድግዳዎች ላይ፣ በእያንዳንዱ ቀዳዳ ሦስት ሦስት ሆነው፣ ተርቢኔት የሚባሉ የተጠቀለሉ ስስ አጥንቶች አሉ። የለበሱት ሽፋን ሥር ደም የሚያቁሩ ሰፋፊ የደም ሥሮች ሞልተዋል። ቫይረስ ወይም አለርጂ ሲያስቆጣቸው እነዚህ ሥሮች ይለጠጡና በደም ይሞላሉ፣ ፈሳሽም ወደ ሽፋኑ ይሠርጋል። ከሁሉ ትልቁ፣ የታችኛው ተርቢኔት፣ ሲያብጥ አየር የሚያልፍበት ቦታ ይጠፋል። ንፍጥም አለ፤ ነገር ግን የቀረችውን ጠባብ መንገድ ያጨናንቃል እንጂ መንገዱን ያጠበበው እሱ አይደለም።

ማስረጃውን ማንም ሰው በራሱ አፍንጫ ላይ ያገኘዋል። ተናፍጦ ተናፍጦ ጠብ የሚል ነገር ሳይኖር አፍንጫው እንደታፈነ የሚቀር ሰው ብዙ ነው። በግራ ጎን ሲተኛ ግራው ይታፈናል፤ ሲገላበጥ ጥቂት ቆይቶ ቀኙ ይታፈናል። ንፍጥ በመካከል ያለውን ግድግዳ ተሻግሮ አልሄደም፤ ደሙ ነው ወደ ታችኛው ጎን የተጠራቀመው። ጤናማ አፍንጫ እንኳ በብዙ ሰዎች ዘንድ በየጥቂት ሰዓቱ ተራ ይለዋወጣል፤ አንዱ ጎን ጠበብ ሲል ሌላው ይሰፋል፣ ባለቤቱም አያውቀውም። ደረጃ በፍጥነት የወጣ ሰው ደግሞ አፍንጫው ለጊዜው ሲከፈት ያየዋል፤ ሰውነት ለሥራ ሲነሣ እነዚያ የደም ሥሮች ይኮማተራሉና።

ክረምት ላይ እርጥበት ጠጥቶ ያበጠ የጣውላ በር አስቡ። መቃኑ ውስጥ ተቀርቅሮ አልንቀሳቀስ ይላል። ደጃፉ ላይ ጭቃም አለ። ጭቃውን መጥረግ መልካም ነው፣ እግር አያዳልጥም፤ በሩ ግን እንደተቀረቀረ ነው። ጭቃውን እያዩ ስለ በሩ የሚናገሩት ሰው ላይ ነው የኔ ቅሬታ።

አሁን ወደ ሚጥሚጣው። በሚጥሚጣ፣ በበርበሬና በቃሪያ ውስጥ ያለው ካፕሳይሲን የሚባል ንጥረ ነገር አፍና አፍንጫን የሚያዳርሰውን የስሜት ነርቭ ያቃጥላል። ነርቩ ላይ ካፕሳይሲንን የሚያውቀው ተቀባይ፣ ማለትም ስሜቱን የሚቀሰቅሰው ፕሮቲን፣ የሚፋጅ ሙቀትን የሚለየው ያው ራሱ ነው። አሜሪካዊው ሳይንቲስት ዴቪድ ጁሊየስ እ.ኤ.አ. በ1997 ይህን ተቀባይ ለይተው አሳዩ፤ በ2021 ከአርደም ፓታፑቲያን ጋር የኖቤል የሕክምና ሽልማት ተጋሩ። አእምሮ እሳት የነካው ይመስለውና እጢዎችን ያዛል፤ ዓይን ያነባል፣ አፍንጫ ውሃ የመሰለ ፈሳሽ ያፈሳል። ደጃፉ ላይ ተጨማሪ ውሃ ፈሰሰ ማለት ነው። ተናጋሪው «ያው እየፈሰሰ አይደል? ተከፈተ ማለት ነው» ይላሉ። ምንም ሕመም የሌለበት ሰው የሚያቃጥል ዶሮ ወጥ ሲበላ አፍንጫው ይፈስሳል፤ ያ ሰው ምን ነበረበትና ምን ተከፈተለት? የሚፈስስ አፍንጫና የተከፈተ አፍንጫ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አለርጂ ያለበት ሰው ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ይዞ ይመጣል፤ እየፈሰሰ የታፈነ።

የሚያቃጥል ምግብ ፈጽሞ አይጠቅምም ግን አልልም። ንፍጡ የደረቀና የተጣበቀ ከሆነ ያ ቀጭን ፈሳሽ ያረጥበዋል፣ መናፈጥም ለጊዜው ይቀላል። ሰናፍጭም በሌላ ተቀባይ በኩል ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል፤ ተኑ ከጉሮሮ በስተጀርባ ወደ አፍንጫ ስለሚወጣ ነው እስከ አናት የሚሰማው። አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም፤ በሕክምና ካፕሳይሲን በአፍንጫ የሚነፋበት ሁኔታ አለ፣ አለርጂ ሳይኖርባቸው አፍንጫቸው ለሚቆጣ ሰዎች፣ ተመጥኖና በባለሙያ ቁጥጥር። እዚያ ሥራው ከመጠን በላይ ንቁ የሆነውን ነርቭ ማደንዘዝ ነው። ይህን አንብቦ ሚጥሚጣ ወደ አፍንጫው የሚያስጠጋ ሰው እንዳይኖር አደራ እላለሁ።

ሚንት ከረሜላና የባሕር ዛፍ ሽታ ደግሞ ሌላ ታሪክ ናቸው። አየር በአፍንጫችን ማለፉን የምናውቀው በዋናነት ሽፋኑ ሲቀዘቅዝ ነው። በሚንት ውስጥ ያለው ሜንቶል ያንኑ የቅዝቃዜ ተቀባይ በቀጥታ ስለሚነካ አየር በብዛት የገባ ይመስላል። የአየሩ ፍሰት በመሣሪያ ሲለካ ግን ሜንቶሉ ለውጥ አላመጣም። በስንጥቁ በኩል ቀዝቃዛ ነፋስ ፊታችንን ሲመታን በሩ የተከፈተ እንደሚመስለን ነው።

እዚህ ላይ «ከቀለለኝ መሣሪያው ምን አለ ምን ምን ቸገረኝ?» የሚል አንባቢ እንዳለ አውቃለሁ። ለሦስት ቀን ጉንፋን ከሆነ እውነቱን ነው። ቅለትም ጥቅም ነው፤ እንቅልፍ የሚያስወስድ ከረሜላ ክብር ይገባዋል። ነገር ግን አፍንጫው በታፈነ ቁጥር የባሕር ዛፍ እየታጠነ ዓመት የሚያልፈው ሰው አለ። ውስጡ ፖሊፕ የሚባል ለስላሳ ትርፍ ሥጋ አድጎ፣ ሽታ ማሽተት ትቶ፣ ሌሊት በአፉ እየተነፈሰና እያንኮራፋ ቀኑን ሲያንቀላፋ የሚውል ሰው አለ። ለእሱ ስሜቱና መንገዱ የተለያዩ መሆናቸውን ማወቅ ትልቅ ጉዳይ ነው።

ታዲያ ከማጀት የሚጠቅም ነገር የለም? አለ፤ ከሁሉ የሚበልጠውም ተራ የሆነው ነው፣ ትኩስ ፈሳሽ። እ.ኤ.አ. በ1978 በአሜሪካ በ15 ጤነኛ ሰዎች ላይ የተሠራ አንድ ጥናት በአፍንጫ ውስጥ ንፍጥ የሚጓዝበትን ፍጥነት ለካ። ትኩስ የዶሮ ሾርባ ከጠጡ በኋላ ፍጥነቱ በደቂቃ ከ6.9 ሚሊሜትር ወደ 9.2 ወጣ። ትኩስ ውሃ ፉት ሲሉ ከ6.2 ወደ 8.4 ከፍ አለ። ቀዝቃዛ ውሃ ግን ከ7.3 ወደ 4.5 አወረደው። የዶሮው ሾርባ ታሪክ በዓለም ሁሉ ሲነገር ሁለት ነገሮች ይዘለላሉ። አንደኛ፣ የሾርባውና የትኩስ ውሃው ውጤት በግማሽ ሰዓት ውስጥ ወደነበረበት ተመልሷል። ሁለተኛ፣ በዚያው ጥናት የአፍንጫው የአየር መተላለፊያ ጥበት ሲለካ አንዱም መጠጥ አልለወጠውም። ጭቃው በፍጥነት ተጠረገ፤ በሩ እንደነበረ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ የብሪታንያው የካርዲፍ ዩኒቨርሲቲ ጥናትም ጉንፋን የያዛቸውን 30 ሰዎች የፍራፍሬ መጠጥ አጠጥቶ የአየር ፍሰታቸውን ለካ። ትኩሱም ሆነ ያልሞቀው መጠጥ ፍሰቱን አልጨመረም። ይሁንና ያልሞቀው የአፍንጫ መፍሰስን፣ ሳልንና ማስነጠስን ሲያቀልል፣ ትኩሱ በዚህ ላይ የጉሮሮ ሕመምን፣ ብርድ ብርድ ማለትንና ድካምን ጭምር አቀለለ። ስለዚህ ሕመምተኞቼን ትኩስ ነገር ጠጡ ብዬ በሙሉ ልብ እመክራለሁ፤ የምነግራቸው ምክንያት ብቻ ከተናጋሪው ይለያል። ከትኩስ ውሃው ውጤት እንደምናየው ዶሮው ግዴታ አይደለም። በጾም ወቅት የምስር ሾርባ፣ የዝንጅብል ሻይ፣ የጦስኝ ሻይ፣ ለታመመው ደካማ ደግሞ ቀጠን ያለ ትኩስ አጥሚት በቂ ናቸው። አፍን ከስኒው አስጠግቶ በእርጋታ ፉት ማለቱ ይሻላል፤ እንፋሎቱም የሥራው ተካፋይ ነው። በበጋ ወራት የደጋው አየር ሲደርቅ በቂ ፈሳሽ መጠጣት በተለይ ያስፈልጋል። ነጭ ሽንኩርቱን ለጣዕሙ ይጨምሩበት፤ አፍንጫን ይከፍታል የሚል ማስረጃ ግን አላየሁም።

ወተት ንፍጥ ያበዛል ተብሎ ከታመመ ልጅ ላይ የሚነጠቀውም ያሳዝነኛል። እ.ኤ.አ. በ1990 የታተመ የአውስትራሊያ ጥናት የጉንፋን ቫይረስ በፈቃዳቸው የወሰዱ 60 ሰዎችን ተከታትሎ፣ በጠጡት ወተትና ባወጡት ንፍጥ መጠን መካከል ግንኙነት አላገኘም። ወተት ከምራቅ ጋር ሲቀላቀል ወፈር ብሎ ጉሮሮ ላይ ስለሚሰማ ነው ሰው ንፍጥ የሚለው። ልጁ ሌላ ነገር አልበላም ብሎ ወተት ከጠጣ ተመስገን ነው።

በተቃራኒው አረቄ በማር ለጉንፋን ሲታዘዝ እሰማለሁ። አልኮል የደም ሥሮችን ያሰፋል። ያበጠውን ጣውላ ደግሞ ውሃ ማጠጣት ነው፤ ጠጪው ሞቅ ብሎት ይተኛል፣ ሌሊት አፍንጫው ጨርሶ ይዘጋል። ጠጅና ጠላም ከዚህ አያመልጡም፤ አስም ያለበት ሰው በተለይ ይጠንቀቅ።

በሩ ራሱ ላይ የሚሠሩት በአፍንጫ የሚሰጡ መድኃኒቶች ናቸው። ዛይሎሜታዞሊን ያላቸው ጠብታዎች የደም ሥሮቹን በደቂቃዎች ውስጥ ያኮማትራሉ፤ ጣውላውን በእሳት እንደማድረቅ ነው። ከአምስት ቀን በላይ ከቆየ ግን እንጨቱ ይጣመማል፤ መድኃኒቱ ባለቀ ቁጥር አፍንጫው ከበፊቱ ብሶ ይታፈናል፣ ሰውየውም የጠብታው እስረኛ ይሆናል። በአፍ የሚዋጡ ብዙ የጉንፋን ኪኒኖች ውስጥ ያለው ፌኒሌፍሪን ደግሞ በአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን አማካሪዎች ዘንድ እ.ኤ.አ. በ2023 በሙሉ ድምፅ አፍንጫን አይከፍትም ተብሏል፤ በ2024 ባለሥልጣኑ ከገበያ እንዲወጣ ሐሳብ አቅርቧል። ምግቡ ላይ ብቻ ጥብቅ ሆኜ ኪኒኑን ብምር ፍትሐዊ አልሆንም።

ከማጀት የሚገኘው ምርጥ እርዳታ የማይበላ ነው፤ የጨው ውሃ። በአንድ ሊትር ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ውስጥ 9 ግራም ጨው፣ ማለትም አንድ ተኩል ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ገደማ፣ ሟሙቶ አፍንጫ ይታጠብበታል። ያልፈላ የቧንቧ ውሃ ወደ አፍንጫ አይገባም። ጡት የሚጠባ ሕፃን በአፍንጫው እየተነፈሰ ስለሚጠባ ሲታፈን መጥባት ያቅተዋል፤ ከመጥባቱ በፊት ጥቂት የጨው ውሃ ጠብታ ይበቃዋል። ማር ዓመት ላልሞላው ሕፃን ፈጽሞ አይሰጥም፤ ቦቱሊዝም የሚባል አደገኛ መመረዝ ሊያመጣ ይችላል። ጤና አዳም ለነፍሰ ጡር ሴት አይሆንም። የሚፈላ ድስት ላይ ልጅን አጎንብሶ ማጠን ደግሞ ለማይረጋገጥ ጥቅም የቃጠሎ አደጋ መግዛት ነው፤ እባካችሁ ይቅር።

ምግብና መጠጥ የሚያገለግሉት የጉንፋኑን ሳምንት ለማሳለፍ ነው። ሦስት ወር ያለፈው መታፈን ጉንፋን አይባልም፤ አለርጂ፣ ፖሊፕ ወይም የመካከለኛው ግድግዳ መጣመም ሊሆን ይችላልና መታየት አለበት። ልጅ በአንድ ቀዳዳ ብቻ የሚሸት ፈሳሽ ካለው በመጀመሪያ የምንፈልገው የገባበትን ሽምብራ ወይም ዶቃ ነው። አዋቂ ሰው ደግሞ አንዱ ጎን ብቻ ሳይለዋወጥ ከታፈነ፣ ደም ከተቀላቀለበት ወይም አንገቱ ላይ እብጠት ከወጣ፣ ከአፍንጫ በስተጀርባ ዕጢ አለመኖሩን በመሣሪያ ማየት ያስፈልጋል። ይህ ሰው የዝንጅብል ሻዩን እየጠጣ ቢመጣ አልቃወምም፤ ግን በዚሁ ሳምንት ይምጣ።