«እንዳይደክሙ ብለን ነው»፦ ስለ ፓርኪንሰን ሕመምና እንቅስቃሴ የሚነገሩ ስህተቶች

የፓርኪንሰን ታማሚ ይዘው ወደ ፊዚዮቴራፒ ክፍል ከሚመጡ ቤተሰቦች አፍ የማይጠፋው «እንዳይደክሙ ብለን አስቀምጠናቸዋል» የሚለው ንግግር፣ ከስንት ዓመት በኋላም ትዕግሥቴን ይፈታተነዋል። ሕመሙ የሚመጣው ዶፓሚን የተባለውን፣ እንቅስቃሴን ለመቆጣጠር የሚረዳ ኬሚካል የሚያመነጩ የአንጎል ሕዋሳት እየሞቱ በመሄዳቸው እንጂ ጡንቻ በመዛሉ አይደለም፤ የጎደለውን ዶፓሚን ደግሞ ዕረፍት አይተካውም። እንዲያውም መቀመጥ በሕመሙ ላይ ሌላ ጉዳት ይደርባል፤ ጡንቻ ይሰልላል፣ መገጣጠሚያ ይደርቃል፣ ወገብ ይጎብጣል፣ ሚዛን ይከዳል።

አንድ የ68 ዓመት አባት ነበሩ፤ ሸሚዛቸውን የምትቆልፍላቸውም ከወንበር የምታነሣቸውም ልጃቸው ነበረች። «እስቲ ራስዎ ይነሡ» ስላቸው ልጅቷ ተቆጣችኝ። ወደ ወንበሩ ጠርዝ ቀረብ ብለው፣ እግራቸውን ወደ ኋላ ሰብስበው፣ አፍንጫቸው ከእግር ጣቶቻቸው በላይ እስኪሆን ድረስ ጎንበስ እንዲሉ አሳየኋቸው፤ በሦስተኛው ሙከራ ቆሙ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሸሚዛቸውንም ራሳቸው ይቆልፉ ጀመር። አምስት ደቂቃ ይፈጅባቸዋል፤ ይፍጅ።

«እሺ፣ ቀስ እያሉ ይንሸራሸሩ» የሚሉም አሉ። ከመቀመጥ ይሻላል፣ ግን አይበቃም። እ.ኤ.አ. በ2018 ይፋ በሆነ ጥናት፣ መድኃኒት ገና ያልጀመሩ ታማሚዎች ለ6 ወር በመሮጫ ማሽን ላይ ልባቸው ሊመታ ከሚችለው ከፍተኛ ፍጥነት ከ80 እስከ 85 በመቶ ደርሰው ሲሠሩ፣ የእንቅስቃሴ ምልክቶቻቸው የተለመደ ኑሯቸውን ከቀጠሉት ይልቅ በጥቂቱ ብቻ ነበር የተባባሱት። እርግጥ ነው፣ ወደዚህ ከመግባት በፊት ልብንና የደም ግፊትን ማስመርመር ግድ ነው።

«የማይንቀጠቀጥ ሰው ፓርኪንሰን የለበትም» ማለት ስህተት ነው፤ ብዙ ታማሚዎች ከመንቀጥቀጥ ይልቅ የሚቸገሩት በመዘግየትና በመገተር ነው። «ሌቮዶፓ (የጎደለውን ዶፓሚን የሚተካው መድኃኒት) የሚወስድ ሰው ስፖርት አያስፈልገውም» የሚባለውም እንዲሁ፤ ሁለቱ ይደጋገፋሉ፣ ልምምዱም መድኃኒቱ በደንብ በሠራበት ሰዓት ቢሆን ይመረጣል።

አደገኛው ስህተት ግን ታማሚው በር ላይ ደርሶ እግሩ መሬት ላይ ሲጣበቅ እጁን ይዞ መጎተት ነው፤ ላይኛው አካል ቀድሞ እግሩ ስለሚቀር በፊቱ ይደፋል። ይልቅ ቆም ይበል፣ ክብደቱን ግራና ቀኝ ያወዛውዝ፣ ከዚያ ቆጥሮ ሰፊ እርምጃ ያንሣ። በሩ ደፍ አጠገብ በደማቅ ፕላስተር መስመሮች ለጥፉለትና በእነሱ ላይ እንዲሻገር ንገሩት፤ ከጎኑ ቁሙ፣ እጁን ግን ልቀቁት።