«ካርቡራተሩ ነው» አትበሉኝ፦ ስለ አሮጌ ትራያል ሞተር ሳይክል እድሳት የሚነገሩ ስህተቶች

አሮጌ ሞተር ሳይክል ጓሮው ውስጥ የሚያድስ ሰው መካሪ አያጣም። «ይሄን ቆርቆሮ ምን ልታደርገው ነው?» የሚለኝ እንግዳ ቡናውን ጠጥቶ ይሄዳል፤ እሱ ችግር የለውም። የሚያደክመኝ አዋቂው ነው። እጁን ኪሱ ከትቶ ሞተሩን አንዴ ያዳምጥና «ካርቡራተሩ ነው» ብሎ ይፈርዳል፤ ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን ዕቃ ማለቱ ነው። ወደ እሱ እመለሳለሁ።

የምኖረው እንግሊዝ ነው። የማድሳቸውም የስፔን ትራያል ሞተር ሳይክሎች ናቸው፤ ከሁሉም በላይ ቡልታኮ የተባለው ፋብሪካ የሠራው ሸርፓ ቲ። ፋብሪካው ከተዘጋ አርባ ዓመት ስላለፈ አብዛኛው የሚገኘው ተፈትቶ በካርቶን ነው።

«ትራያል ማለት ሞቶክሮስ ነው።» አይደለም። ሞቶክሮስ የፍጥነት ውድድር ነው፤ ትራያል ላይ ግን ፍጥነት አያሸልምም። ነጂው ድንጋዩን፣ ጭቃውንና ወንዙን እግሩ መሬት ሳይነካ ማለፍ አለበት። አንዴ ከነካ 1 ነጥብ፣ ሁለቴ ከነካ 2፣ ከዚያ በላይ 3፣ ካልተሳካለት 5 ይያዝበታል፤ ትንሽ ነጥብ ያለው ያሸንፋል። ስለዚህ ሞተሩ በዝቅተኛ ዙር ሳይንተፋተፍ መሳብ አለበት። ይህን ያዙልኝ።

«ዳገት የሚወጣው ትልቅ ሞተር ነው።» የትራያል ነጂው ሳሚ ሚለር ባለ 500 ሲሲ አሪየል ሞተር ሳይክሉን ትቶ እ.ኤ.አ. በ1965 የስኮትላንድን የስድስት ቀን ትራያል ያሸነፈው በ244 ሲሲ ቡልታኮ ነበር። ቱ ስትሮክ (ቤንዚኑ ውስጥ ዘይት የሚቀላቀልበት ሞተር) ያንን ውድድር ሲያሸንፍ ያ የመጀመሪያው ነው።

«የተፈታ በካርቶን ሲገዛ ይረክሳል።» ሻጩ «ሁሉም አለ» ይላችኋል። ሁሉም የለም። ሻሲው፣ ሲሊንደሩና ጎማዎቹ ይኖራሉ፤ የሚጠፋው የመርገጫው ሞላ፣ የካምቢዮው ስስ ሮንዴላ፣ የጎማ ዘንግ ማራራቂያው ነው። እነዚህ ትናንሾች እየተለቀሙ ሲገዙ ከሻሲው ይበልጣሉ። ከዚህ የባሰ ደግሞ አለ። የሞተሩ ቤት ሁለት ግማሽ ነው፤ ሁለቱ የተቀረጹት አብረው ነው። አንድ ወዳጄ የገዛው ካርቶን ውስጥ ግማሾቹ ከሁለት የተለያዩ ሞተሮች ነበሩ። ገጠማቸው፣ ቡሎኑን አጠበቀ፣ ኮሎው (የሞተሩ ዋና ዘንግ) አልዞር አለ። የኩሽኔታዎቹ መቀመጫ አይተያይማ! «ትንሽ ይሞረድ» ሲለኝ ዝም ብዬ ወጣሁ።

ከመግዛታችሁ በፊት የፋብሪካውን የመለዋወጫ ሥዕል አትሙ፣ አንሶላ ዘርጉ፣ ዕቃውን በሥዕሉ ተራ ደርድሩና የጎደለውን በቀይ አክብቡ። ከቡልታኮ ፋብሪካ ሲወጡ የሻሲውና የሞተሩ ቁጥር አንድ ነበር፤ ካልተመሳሰለ ዋጋው ይውረድ። ሻጩ ቸኩያለሁ ካለ ይሂድ።

«መጀመሪያ ቀለሙን።» ፎቶ ለማንሳት ከሆነ እሺ። ለመንዳት ከሆነ ሁሉንም ነገር ሳይቀቡ አንዴ ግጠሙት፣ ጎማው መሀል ይቁም፣ ሰንሰለቱ ቀጥ ይበል፣ ማርሚታው ሻሲውን አይንካ፤ ከዚያ ፍቱና ቀቡ። የዱቄት ቀለም ወፍራም ነው፤ የኩሽኔታ መቀመጫና የቡሎን ጥርስ ካልተሸፈነ ይሞላዋል፣ ስንጥቅም ይደብቃል። የሞተር ቤት በአሸዋ የምታስጠርጉም አላችሁ፤ ያ አሸዋ ከዘይት ቀዳዳ ውስጥ ወጥቶ አያልቅም።

«የፒስተኑን ፋሻ (ቀለበት) ብቻ ቀይር።» ሲሊንደሩን ሳትለኩ? ሞላላ በሆነ ሲሊንደር ውስጥ አዲስ ፋሻ ምን ይሠራል?

«ካርቡራተሩ ነው።» እሺ፣ አሁን እንነጋገር። ሞተሩ ይነሳል። ሲሞቅ ጋዙን ለቀቅ ስታደርጉት ግን ዙሩ አይወርድም፤ ጭራሽ ብቻውን እየጮኸ ይሄዳል። ዛሬ ረጋ ብሎ ይሠራል፣ ነገ ያብዳል። ሚኒሞውን (የዝቅተኛ ዙሩን ማስተካከያ) ትነካካላችሁ፣ አልሆነም። ጄቱን (ቤንዚኑ የሚያልፍበትን ቀዳዳ) ትቀይራላችሁ፣ አልሆነም። ከ100 ፓውንድ በላይ አውጥታችሁ አዲስ አማል ካርቡራተር ትገዛላችሁ፤ ሞተሩ እዚያው ጩኸቱ ላይ ነው።

ቱ ስትሮክ እንደ መኪናችሁ ሞተር አይደለም። ቤንዚንና አየሩ መጀመሪያ የሚገባው ከፒስተኑ ሥር፣ ኮሎው ያለበት ክፍል ውስጥ ነው። ፒስተኑ ሲወጣ ያ ክፍል ከካርቡራተሩ ይስባል፤ ሲወርድ ድብልቁን ጨምቆ በጎን መተላለፊያ ወደ ላይ ይገፋል። የዚህን ክፍል አየር የሚይዙት በኮሎው ሁለት ጫፍ ያሉት ፓራኦሊዮዎች ናቸው። ጎማ ናቸው፤ ሞተሩ ለዓመታት ሼድ ውስጥ ሲቆም ይደርቃሉ።

ኤሌክትሪክ በሚያመነጨው ማግኔት በኩል ያለው ፓራኦሊዮ ካሳለፈ፣ ካርቡራተሩ ያልመጠነው አየር ይገባል። ድብልቁ ይሳሳል፣ ዙሩ ይወጣል፣ ሞተሩ ይግላል፤ መጨረሻው ፒስተኑ ሲሊንደሩ ላይ ይነክሳል። በፍሪሲዮን በኩል ያለው ካሳለፈ ደግሞ ሞተሩ የፍሪሲዮኑን ዘይት እየጠጣ ነጭ ጭስ ይተፋል። ባለቤቱ ከታች ጠብታ እየፈለገ ይውላል፤ ዘይቱ የሄደው በማርሚታው ነው።

አንድ ያገሬ ልጅ ሁለተኛ ካርቡራተሩን ገዝቶ ካበቃ በኋላ ሞተሩን ይዞልኝ መጣ። «የአየር ፍሳሽ ሞክረሃል?» አልኩት። «ጄቱን ነው የቀየርኩት» አለኝ። የጠየቅሁት ሌላ፣ የመለሰው ሌላ። ማግኔቱ ያለበትን ቮላኖ አውጥተን ፓራኦሊዮውን በጥፍሬ ነካ ባደርገው እንደ ድርቆሽ ተሰበረ። ዋጋው ጥቂት ፓውንድ ነው። አዲሱን አስገብተን አሮጌውን ካርቡራተር መልሰን ስንገጥመው ሞተሩ በመጀመሪያው ማርሽ ያለ ጋዝ መራመድ ጀመረ። ለትራያል የሚፈለገው ይኸው ነው።

ፍተሻው ከባድ አይደለም። የካርቡራተሩንና የማርሚታውን ቀዳዳ በጎማ ዝጉ፣ በእጅ ፓምፕ 0.4 ባር ያህል አየር ሙሉ። ከዚያ አትለፉ፤ ደህናውን ፓራኦሊዮ ራሳችሁ ትገፉታላችሁ። መለኪያው ለጥቂት ደቂቃ ካልወረደ ደስ ይበላችሁ። ከወረደ የሳሙና ውሃ በካርቡራተሩ ማሰሪያ፣ በሲሊንደሩ ሥር፣ በቴስታታው (በሲሊንደሩ ክዳን) ዙሪያና በኮሎው ጫፎች ቀቡ፤ አረፋ ያወጣው ቦታ ጥፋተኛው ነው። ቮላኖውን ስታወጡ ደግሞ በልኩ የተሠራውን መንቀያ ግዙ። ካቻቢቴ ከኋላው ሰክታችሁ በመዶሻ ከፊት የምትሉ፣ ኮሎ ስትገዙ እንገናኛለን።

ካርቡራተር አይበላሽም አላልኩም። የአማል የሚኒሞ መተላለፊያ ፀጉር የሚያክል ነው፤ በቆየ ቤንዚን ይደፈናል። ማሰሪያውን ከመጠን በላይ ያጠበቀ ሰው ደግሞ የካርቡራተሩን መጋጠሚያ ፊት አጉብጦት በዚያ አየር ያስገባል። ግን ተራ አለው፦ መጀመሪያ የአየር ፍሳሽ፣ ቀጥሎ ካንዴላና ፑንቲና (እሳት ሰጪዎቹ)፣ ካርቡራተር መጨረሻ።

«ቤንዚኑ ውስጥ ዘይት ሲበዛ ለሞተሩ ይሻለዋል።» ይህም የዚያው ዘመድ ነው። በአንድ ጄት ውስጥ የሚያልፈው ፈሳሽ ያው ነው፤ ዘይቱ ከበዛ ቤንዚኑ አነሰ፣ ድብልቁ ሳሳ ማለት ነው። ካንዴላው ይጠቁራል፣ ማርሚታው በጥላሸት ይታፈናል። በዛሬ ጥሩ ዘይት ብዙዎቻችን የምንነዳው በ40 ቤንዚን ለ 1 ዘይት ነው።

«ቤንዚን ያው ቤንዚን ነው።» ከሴፕቴምበር 2021 ጀምሮ እዚህ የሚሸጠው መደበኛ ቤንዚን እስከ 10 በመቶ ኢታኖል አለበት። የቀድሞዎቹ ሸርፓዎች ሰልባትዮ (የቤንዚን ታንክ) ፋይበርግላስ ነው፤ ኢታኖል ያለሰልሰዋል፣ የሟሟውም ሙጫ ወርዶ ካርቡራተሩን ያጣብቀዋል። (ያን ቀን «ካርቡራተሩ ነው» ብትሉኝ ግማሹን እቀበላለሁ።) የአሉሚኒየም ሰልባትዮ ግዙ፤ አቅም ከሌለ ውስጡን ኢታኖል በሚችል ኢፖክሲ አስለብሱ፣ ከእያንዳንዱ ጉዞ በኋላም ቤንዚኑን አውጡ።

«የኋላ ጎማህ ተንፍሷል።» አልተነፈሰም። ትራያል የሚነዳው ከ4 እስከ 5 ፒኤስአይ የአየር ግፊት ባለው የኋላ ጎማ ነው፤ ላስቲኩ ድንጋዩን የሚያቅፈው ሲለሰልስ ነው። አስፋልት ላይ ስወጣ ራሴ እሞላዋለሁ። ፓምፕ ይዛችሁ አትምጡ።