በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ

ጭብጦ በእጅ ተጨብጣ የምትጋገር ትንሽ ቂጣ ናት፤ ስሟም «ጨበጠ» ከሚለው የወጣ ነው። እረኛ በጋቢው ጫፍ ቋጥሯት ይወጣል። በቅሎ ደግሞ ጌታዋን ከእግረኛ ለይታ የምታስከብር ሀብት ነበረች። ተናጋሪው ሁለቱንም አጥቷል። የሚያንገበግበው ግን የቂጣዋ ነገር ነው።

በቅሎ በፍርድ መሄዷ የምሳሌ ማሳመሪያ ብቻ አልነበረም። በበላ ልበልሃ፣ በጥንቱ የአደባባይ የቃል ሙግት፣ ተሟጋቾች «በቅሎ!»፣ «ማር!» እያሉ ይወራረዱ ነበር፤ የተረታው ይከፍላል። አባባሉን የሚሰማ የዚያን ዘመን ሰው ልጓሟን ይዘው ሲወስዷት በዓይነ ሕሊናው ያያት ነበር።

ብዙዎች ይህን የሙግት ወዳድ እልህ አድርገው ይተረጉሙታል። እኔ አይመስለኝም። እልኸኛ በቅሎውንም አይለቅም። ይህ ሰው ግን ለቅቋል፤ ለምን እንደተወሰደችበት ፊት ለፊት ተነግሮታላ።

አባባሉ ይበልጥ የሚገባኝ የወንጀል ቅጣት ሲነበብ ነው። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 665 መሠረት ስርቆት በቀላል እስራት ወይም ከ5 ዓመት በማይበልጥ ጽኑ እስራት ያስቀጣል። ቀላል እስራት የሚጀምረው ከ10 ቀን ነው። ከ10 ቀን እስከ 5 ዓመት! በዚህ ሰፊ ሜዳ መሐል ቁጥሩን የሚቆርጠው ዳኛው ነው። አንቀጽ 88 የጥፋቱን ከባድነት፣ ያነሳሳውን ምክንያት፣ የሰውየውን ያለፈ ሕይወትና ኑሮ እንዲመዝን ያዘዋል። አንቀጽ 86 ደግሞ ሕጉ ባልዘረዘረው ነገር ተነሥቶ ሲያከብድ ወይም ሲያቀል ምክንያቱን እንዲገልጽ ያስገድደዋል። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ2002 የቅጣት አወሳሰን መመሪያ አውጥቶ በ2006 አሻሽሎታል።

ችሎት ውስጥ ዐቃቤ ሕግ ማክበጃውን ያሰማል፤ ተከላካይ ጠበቃ ተነሥቶ «የቤተሰብ አስተዳዳሪ ነው፣ ሪከርድ የለበትም» ይላል። ዳኛው «ሁለቱን ማቅለያዎች ይዘናል፤ ማክበጃው አልተረጋገጠም» ብሎ ቁጥሩን ከተናገረ፣ 2 ዓመትም ቢሆን እናት አልቅሳ ትወጣለች እንጂ «በእጅ ተሂዶ ነው» አትልም። ምክንያቱ ከተዋጠ ግን 3 ወሩም ኮሪደር ላይ ያንሾካሹካል። ይግባኝ የሚጽፈው ጠበቃም ወረቀቱን ያገላብጣል፤ የቱን ይንቀፍ? የተጻፈለት ቁጥር ብቻ ነው።