ጥንቸልን ሙቀት መታት ሲባል ምን ማለት ነው?

ጥንቸል አያልባትም ማለት ይቻላል። እንደ ውሻ በማለክለክ ራሷን ማቀዝቀዝም ብዙ አይሆንላትም። ዋና መሣሪያዋ ጆሮዋ ነው። ሲሞቃት የጆሮዋ የደም ሥሮች ይሰፋሉ፤ ትኩሱ ደም በስስ ቆዳው ሥር ሲያልፍ ሙቀቱን ለአየሩ ይለቃል። አየሩ ራሱ ከጋለ ግን የሚቀበላት የለም። በጤናዋ ከ38.5 እስከ 40 ዲግሪ የሚሆነው የሰውነቷ ሙቀት ያሻቅባል፣ አልወርድም ይላል። ሙቀት መታት የሚባለው ያኔ ነው።

ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ይመቻታል። 28 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ነቃ ማለት ያስፈልጋል። ወፍራሞቹ፣ ፀጉራሞቹና እርጉዞቹ ቀድመው ይጎዳሉ። አዲስ አበባ ላይ ጥላና ነፋስ ብዙ ጊዜ ይበቃሉ፤ ችግሩ ቆርቆሮ ነው። እኩለ ቀን ላይ ቆርቆሮ ሥር የተቀመጠ ሳጥን ምጣድ ነው። ድሬዳዋ ወይም ዱባይ ላለ ሰው ግን ቤት ውስጥ ማስገባት ግድ ነው። ሃይላንድ ውስጥ ውሃ አድርጎ ፍሪዘር ውስጥ በረዶ ማድረግ፣ በጨርቅ ጠቅልሎ አጠገቧ ማኖር። ስትፈልግ ትጠጋዋለች። ቬንትሌተር ብቻውን ለማያልባት እንስሳ ያን ያህል አይጠቅማትም።

ውሃ በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደቷ ከ50 እስከ 150 ሚሊ ሊትር ትጠጣለች፤ በሙቀት ደግሞ ይጨምራል። ከሚላሰው ጠርሙስ ይልቅ ሳህን አስቀምጡላት፣ የበለጠ ትጠጣለች። ከባድ የሸክላ ይሁን፤ ቀላሉን ትደፋዋለች።

ሰው የሚዘነጋው ሆዷን ነው። ሲሞቃት መብላት ታቆማለች፤ የጥንቸል አንጀት ደግሞ ሥራ ከፈታ ለሕይወቷ ያሰጋል። ስለዚህ ድርቆሽ ቀንም ሌትም ከፊቷ አይጥፋ። ቅጠሉን በጠዋትና አመሻሽ ላይ ስጡ፤ በተፈጥሮዋም የምትነቃቃው ያኔ ነው። ሰላጣውን ወይም የድንብላል ቅጠሉን አጥባችሁ ሳታራግፉ ብትሰጧት ውሃውም አብሮ ይገባላታል። ሐብሐብ ያቀዘቅዛታል ብሎ በሳህን የሚያቀርብላት አለ። ስኳሩ ሆዷን ይረብሸዋል፤ ትንሽ ቁራሽ ይበቃል። ግማሽ ቀን ሙሉ ካልበላች ወይም በጠጧ ካነሰ ነገ ድረስ አትጠብቁ።

ሙቀት የመታት ጥንቸል ጆሮዋ ይቀላል፣ ይግላል። ትንፋሿ ይፈጥናል፤ አፏን ከፍታ መተንፈስና ምራቋን ማዝረብረብ ከጀመረች ነገሩ ከብዷል። ወዲያው ወደ ቀዝቃዛ ቦታ ውሰዷት፤ ጆሮዋን ለብ ወይም ቀዝቀዝ ባለ ውሃ አርጥቡ፣ ከቻለች ትጠጣ፤ በግድ አፏ ውስጥ አትጨምሩ። በረዶ ውሃ ውስጥ መንከር ፈጽሞ አይሞከርም፤ ድንጋጤው ብቻ ሊገድላት ይችላል። ጆሮዋን እያረጠባችሁ ለእንስሳት ሐኪም ደውሉ፤ የተሻላት ብትመስልም ትታይ።