የሞባይል ግብይት በጅማ፦ አሠራሩ፣ የገቢ ምንጩና እንቅፋቱ

የሞባይል ግብይት ሲባል ዕቃን ወይም አገልግሎትን በእጅ ስልክ መፈለግ፣ ማዘዝና መክፈል ማለት ነው። ጅማ ላይ አብዛኛው ግብይት የሚጀምረው ከመጨረሻው ነው፤ ዕቃው በዓይን ይታያል፣ ዋጋው በቃል ይቆረጣል፣ ስልኩ የሚወጣው ለክፍያ ነው። ስለዚህ እዚህ ከመተግበሪያው ይልቅ የገንዘቡን መንገድ መከተል የበለጠ ያስረዳል።

የዘርፉ መነሻ ተደርገው ብዙ ጊዜ የሚጠቀሱት በ1997 እ.ኤ.አ. ሄልሲንኪ ውስጥ በጽሑፍ መልእክት ይከፈልባቸው የነበሩ የኮካ ኮላ መሸጫ ማሽኖች ናቸው። በ2007 እ.ኤ.አ. ኬንያ ውስጥ የተጀመረው የሞባይል ገንዘብ አገልግሎት ኤም-ፔሳ ክፍያውን የባንክ ሒሳብ ወደሌለው ሰው አወረደው። በአገራችን ብሔራዊ ባንክ በ2012 ዓ.ም. ባንክ ላልሆኑ ተቋማት የሞባይል ገንዘብን በር ከከፈተ በኋላ የኢትዮ ቴሌኮሙ ቴሌብር ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ የሳፋሪኮሙ ኤም-ፔሳ ደግሞ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ሥራ ጀመሩ። የንግድ ባንኩ ሲቢኢ ብር ከሁለቱም ይቀድማል። በ2015 ዓ.ም. ነዳጅ በዲጂታል ክፍያ ብቻ እንዲቀዳ መደረጉ አሽከርካሪዎችን ሁሉ ወደ ስልክ ክፍያ አስገባቸው።

ጅማ ለንግድ አዲስ አይደለችም። በአባ ጅፋር ዘመን የሕርማታ ገበያ በአሞሌ ጨውና በማርትሬዛ ብር ይገበያይ ነበር። በ2000 ዓ.ም. የተከፈተው የኢትዮጵያ ምርት ገበያም ጅማ ላይ መጋዘን ሲኖረው፣ የቡናን የዕለት ዋጋ በስልክ ማሰማት የጀመረው ከስልክ ክፍያ በፊት ነው። ዋጋው በስልክ ከመጣ ብዙ ቆይቶ ነው እንግዲህ ገንዘቡ የተከተለው።

ቴክኖሎጂው ሁለት መልክ አለው። አንደኛው በኮከብ ተጀምሮ በመሰላል የሚያልቀው አጭር ቁጥር ነው፤ ለቴሌብር *127#፣ ለሲቢኢ ብር *847#። ኢንተርኔት አይፈልግም፣ በማንኛውም ቀፎ ይሠራል። ግን አንዱ ገጽ የሚይዘው ቢበዛ 182 የላቲን ፊደል ነው፤ በግዕዝ ፊደል ሲሆን ወደ 80 ይወርዳል። የጽሑፍ መልእክትም እንዲሁ ነው፦ በቁቤ የተጻፈ የኦሮምኛ መልእክት እስከ 160 ፊደል በአንድ ይሄዳል፣ የአማርኛው 70 ላይ ይቆረጣል። ሁለቱም ቋንቋዎች በሚነገሩባት ከተማ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ የማረጋገጫ መልእክት ማጠር ያለበት ለዚህ ነው። ሁለተኛው መልክ መተግበሪያና ኪውአር ኮድ ነው። ባንኮኒ ላይ የተለጠፈው ኮድ የሱቁን መለያ ብቻ ስለሚይዝ የብሩን መጠን ገዢው ራሱ ያስገባል። ስሕተት የሚበዛውም እዚያ ላይ ነው፤ 450 ሊል 4500 የጻፈ ሰው ምስጢር ቁጥሩን ከማስገባቱ በፊት የተቀባዩን ስምና መጠኑን ደግሞ ማንበብ አለበት።

ኦፕሬተሩ፣ ማለትም የክፍያ አገልግሎቱን የሚሰጠው ድርጅት፣ የሚያገኘው ከማስተላለፊያና ከጥሬ ገንዘብ ማውጫ ክፍያ፣ ከነጋዴው ከሚቆረጥ መቶኛና ከአየር ሰዓት ሽያጭ ነው። ብድርም ተጨምሮበታል፤ ቴሌብር በ2014 ዓ.ም. ከዳሸን ባንክ ጋር የጀመራቸው መላና እንደኪሴ የደንበኛውን የክፍያ ታሪክ እንደ መያዣ ያያሉ። ሁልጊዜ በጥሬ ገንዘብ የሚሸጥ ነጋዴ ታሪክ የለውም፣ ብድርም አያገኝም።

ከሁሉም በላይ ሊታይ የሚገባው ወኪሉ፣ ማለትም ጥሬ ብርን ወደ ስልክ ገንዘብ፣ የስልክ ገንዘብንም ወደ ጥሬ ብር የሚቀይረው ሰው ነው። ወኪል የሚሠራው በሁለት ኪስ ነው፤ በመሳቢያው ጥሬ ብርና በስልኩ ባለው፣ ፍሎት በሚባለው ገንዘብ። ለምሳሌ 30,000 ብር ጥሬና 20,000 ብር ፍሎት ይዞ ቢያድር፣ አስር አስር ሺህ የሚያወጡ ሦስት ሰዎች ከመጡ ስልኩ 50,000 ይሆናል፣ መሳቢያው ግን ባዶ ነው። አራተኛው ሰው ኔትወርኩ ቢኖርም ብሩን አያገኝም።

ይህ በጅማ ዙሪያ የሚከፋው በቡና ወቅት፣ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ ነው። እሸት ቡና በተለቀመበት ቀን ካልተፈለፈለ ስለሚቦካ ገበሬው ወደ ቡና መፈልፈያ ጣቢያ የሚያመጣው ከሰዓት በኋላ ነው፤ ክፍያውም ያኔውኑ ነው። አንድ ኪሎ ጥሬ ቡና ለማግኘት አምስት ስድስት ኪሎ እሸት ስለሚያስፈልግ ሰብሳቢው በቀን ብዙ ብር ይበትናል። ገበሬው በስልኩ ቢቀበል እንኳ ለቤቱ ሸመታ ጥሬ ብር ይፈልጋል፤ ወኪሉ ግን በዚያ ሰዓት ባንክ ተዘግቶበት ፍሎቱን መቀየሪያ የለውም። መፍትሔው ቀድሞ መዘጋጀት ነው፦ በወቅቱ ከጠዋት ጀምሮ ጥሬ ብር አብዝቶ መያዝ፣ ቀኑን ሙሉ በጥሬ ከሚሸጥ የጎረቤት ሱቅ ጋር ማታ ማታ መለዋወጥ፣ ለአንድ ሰው በቀን የሚከፈለውን ጣሪያ አስቀድሞ መለጠፍ።

በቴሌግራም የሚሸጡ የከተማዋ ሱቆች ፎቶና ዋጋ ለጥፈው ትእዛዝ በስልክ ይቀበላሉ። ዕቃው ከአዲስ አበባ መርካቶ የሚመጣ ከሆነ ቀብድ በስልክ ይላካል፤ ዕቃው 350 ኪሎ ሜትር ያህል በአውቶቡስ ተጉዞ መናኸሪያ ሲደርስ ተከፍቶ ይታይና ቀሪው ይከፈላል። ሙሉውን አስቀድሞ መክፈል አይመከርም፣ ምክንያቱም ብሩ አንዴ ከሄደ በኋላ ያለተቀባዩ ፈቃድ ማስመለስ ረጅም ጣጣ ነው።

መስመር ሲቋረጥ የሚደረገውም መታወቅ አለበት። ምስጢር ቁጥሩ ከመግባቱ በፊት ከተቋረጠ ገንዘቡ አልሄደም። ከገባ በኋላ ከሆነ ግን መልእክቱ ዘግይቶ እንጂ ክፍያው ተፈጽሞ ሊሆን ይችላልና፣ ድጋሚ ከመላክ በፊት ቀሪ ሒሳብን ማየት ያስፈልጋል፤ ሁለት ጊዜ የሚከፈለው እዚህ ላይ ነው። ሻጩም በበኩሉ ገዢው የሚያሳየውን ስክሪንሾት አይቶ ዕቃ አይስጥ። ምስሉ በቀላሉ ይቀየራል፤ በተራ ስልክ ቁጥር የሚመጣ «ገንዘብ ገብቶልዎታል» የሚል መልእክትም ሐሰተኛ ነው። የራሱን ሒሳብ ከፍቶ ቀሪው መጨመሩን ካየ በኋላ ብቻ ዕቃውን ያስረክብ፤ ግርግር ባለበት የገበያ ቀን ቢሆንም።