ሐመር ቶ ምንድን ነው? የታጠፈ የእግር ጣት መቼ ይቃናል?

እስቲ ካልሲዎን አውልቀው የእግር ጣቶችዎን ይመልከቱ። ከአውራ ጣት ቀጥሎ ያለው ጣት መሃሉ ላይ ጎብጦ ጫፉ ወደ መሬት አቀርቅሯል? ሐኪሞች ይህንን «ሐመር ቶ» ይሉታል፤ መዶሻ ጣት ማለት ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው በዚሁ ጣት ላይ ነው። ሌሎቹንም ግን አይምርም።

ብዙ ሰው «የእግሬ ተፈጥሮ ነው» ብሎ ያልፈዋል። ጫማው ሲፈገፍገው በፕላስተር ሸፍኖ ይውላል። ሲብስበት ሌላ ፕላስተር ይጨምራል። እኔን የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። ጣቱ በእጅ ሲያቃኑት እሺ እያለ ያለው ሕክምናና ደርቆ ከቀረ በኋላ ያለው ሕክምና ፈጽሞ አይገናኙም።

በመጀመሪያ ጣቱ ለምን እንደሚታጠፍ እንይ። የእግር ጣቶችን የሚያንቀሳቅሱት ትልልቅ ጡንቻዎች ያሉት ከጉልበት በታች፣ እግር ላይ ነው። ከእነሱ የሚነሱት ረጃጅም ጅማቶች እስከ ጣቶቹ ይዘልቃሉ። በላይ በኩል የሚያልፉት ጣቱን ወደ ላይ ያነሱታል፤ በሥር የሚያልፉት ያጥፉታል። በእግር መዳፍ ውስጥ ደግሞ ትናንሽ ጡንቻዎች አሉ። ሥራቸው በሁለቱ መካከል ሆነው ጣቱን ቀጥ አድርጎ መያዝ ነው። እነዚህ ትናንሾቹ ሲደክሙ ረጃጅሞቹ ያሸንፋሉ። የላዩ ጅማት ጣቱን ከሥሩ ወደ ላይ ይጎትታል፣ የታችኛው መሃሉን ያጥፈዋል፤ ጣቱም ይጎብጣል። እንደጎበጠ ሲቆይ ጅማቱ ያጥራል፣ የመገጣጠሚያው ሽፋንም ይኮማተራል። ከዚያ በኋላ ጫማ ቢያወልቁም ጣቱ ወደ ቦታው አይመለስም።

ጫማ ትልቁን ድርሻ ይይዛል። አፍንጫው ሹል ወይም አጭር የሆነ ጫማ ጣቱን አጥፎ ያስቀምጠዋል። ታኮው ከፍ ሲል ደግሞ የሰውነት ክብደት ወደ ፊት ይንሸራተትና ጣቶቹን ከጫማው ጫፍ ጋር ያጋጫቸዋል። ሴቶች ላይ በብዛት የሚታየውም በከፊል ለዚህ ነው። ቢሆንም ሁሉንም ጥፋት ጫማ ላይ መለጠፍ ልክ አይደለም። ሁለተኛው ጣት ከአውራ ጣት ረዘም ያለ ከሆነ ቀድሞ የሚጨናነቀው እሱ ነው። አውራ ጣት ወደ ጎን ተጣሞ ጎረቤቱን የሚገፋበት ጊዜም አለ። ሩማቶይድ አርትራይተስ (መገጣጠሚያን የሚያስቆጣ በሽታ)፣ በስኳር በሽታ የተጎዳ ነርቭ፣ ስትሮክ፣ የጣት ስብራት፣ በቤተሰብ የሚወረስ የእግር ቅርጽ፣ እነዚህም ያመጡታል። በአጭር ጊዜ ውስጥ ብዙ ጣቶች አንድ ላይ መታጠፍ ከጀመሩ ነርቭ መመርመር አለበት።

ሕመሙ ሁልጊዜ የሚመጣው ከመታጠፉ አይደለም። የጎበጠው የጣቱ መሃል ከጫማው ጣሪያ ጋር ሲፋተግ ውሎ ቆዳው ይደድራል፤ በደደረው ቆዳ ላይም ብዙዎች ሚስማር የሚሉት ጠንካራ ነጥብ ይወጣል። ሲነኩት ሽቅብ ይወጋል። ሌላው ሕመም ውስጥ እግር ላይ፣ ከጣቱ ሥር ነው። የተነሳው ጣት መሬት መርገጡን ስለሚተው ከኋላው ያለው አጥንት ወደ ታች ይገፋና ክብደቱን ብቻውን ይሸከማል። «ጠጠር ላይ የቆምኩ ይመስለኛል» የሚሉ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚያወሩት ስለዚህ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንምጣ። ቁጭ ብለው የታጠፈውን ጣት በሁለት ጣት ይዘው ቀስ አድርገው ያቃኑት። ከተቃና ገና ለስላሳ ነው፤ ጊዜ አለዎት። ግትር ብሎ እምቢ ካለ መገጣጠሚያው ደርቋል። ሐኪምም መጀመሪያ የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ራጅ የሚያዘው በኋላ ነው።

ጣቱ ለስላሳ ከሆነ ሕክምናው ከጫማ ይጀምራል። ባዶ እግርዎን ወረቀት ላይ አሳርፈው ዙሪያውን በእስክሪብቶ ያስምሩ። ከዚያ የሚያዘወትሩትን ጫማ መስመሩ ላይ ያስቀምጡት። መስመሩ ከጫማው ውጭ ከቀረ እግርዎ ቀኑን ሙሉ ታጭቆ ነው የሚውለው። ጥሩ ጫማ ከረጅሙ ጣት ፊት ከ1 ሴንቲ ሜትር በላይ ክፍት ቦታ ይተዋል። ፊቱ ሰፊ ብቻ ሳይሆን ከፍ ያለም መሆን አለበት፤ የጎበጠው ጣት ጣሪያ የሚነካ ከሆነ ስፋቱ ብቻውን አይጠቅምም። ታኮው ዝቅ ይበል። ጫማ የሚገዙት ደግሞ ወደ ማታ ይሁን፤ እግር ሲውል ያብጣል።

የሲሊኮን መሸፈኛና የጣት ማሰሪያ ፍትጊያውን ያስታግሳሉ። ከጣቶቹ ሥር ትንሽ ከኋላ ብሎ የሚቀመጥ ለስላሳ ድጋፍ ደግሞ የውስጥ እግሩን ሕመም ያቀላል። ጣቱን በእጅ እያቃኑ ጥቂት ሰከንድ መያዝ፣ መሬት ላይ የተዘረጋ ፎጣ በጣቶች እየጨበጡ መሰብሰብ፣ እነዚህ ጡንቻውን ያነቃሉ፣ መገጣጠሚያውም እንዳይደርቅ ያግዛሉ። የደረቀ ጣት ግን በስፖርት አይቃናም። «በዚህ ማሰሪያ ጣትዎ ቀጥ ይላል» የሚል ማስታወቂያ ካዩ ገንዘብዎን ይያዙ።

ሚስማሩን በምላጭ አይቁረጡ። ስኳር ያለበት ሰው ወይም እግሩ የሚደነዝዘው ሰው በተለይ አይንካው፤ ሚስማር የሚያነሳ አሲድ ያለበትን ፕላስተርም አይለጥፍ። ስሜት በሌለው እግር ላይ ትንሽ ቁስል ሳይታወቅ እስከ አጥንት ሊዘልቅ ይችላል። ጣቱ ላይ መቅላት፣ መሞቅ ወይም ፈሳሽ ካየ ቀጠሮ ሳይጠብቅ ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ ይሂድ።

ጫማ ተቀይሮ፣ ድጋፍ ተሞክሮ ሕመሙ መራመድ ከከለከለ ቀዶ ሕክምና አለ። ለመልክ ብቻ ተብሎ ግን እኔ አልመክርም። ለስላሳ ለሆነ ጣት ብዙ ጊዜ ጅማቱን መልቀቅ ወይም ቦታ ማዛወር ይበቃል። ለደረቀው ከአጥንቱ ትንሽ ይቆረጣል፣ ወይም ሁለቱ አጥንቶች ቀጥ ብለው እንዲጣበቁ ይደረጋል። እስኪይዝ ድረስ ቀጭን ሽቦ በጣቱ ጫፍ በኩል ይገባል፤ ከ3 እስከ 6 ሳምንት ቆይቶ ይወጣል። ብዙዎቹ በዚያው ቀን ቤታቸው ይገባሉ፤ ለተወሰኑ ሳምንታት የሚራመዱት ግን ሶሉ በማይታጠፍ ልዩ ጫማ ነው። ጣቱ ትንሽ ሊያጥር፣ እንደ ድሮውም ላይታጠፍ ይችላል። እብጠቱ ለወራት ቢቆይ አይደንግጡ። ከቀዶው በፊት አንድ ነገር ይጠይቁ፦ ጣቱን የሚገፋው የተጣመመው አውራ ጣት ከሆነ እሱም አብሮ ይስተካከላል ወይ? ካልተስተካከለ ጣቱ ተመልሶ ሊታጠፍ ይችላል።