ሪቢልድ ምንድን ነው? ኮዱ ሳይነካ ፓኬጁ ለምን ይቀየራል?

«ኮዱ ላይ አንዲት ፊደል አልተነካችም፤ ታዲያ ምኑን ነው አፕዴት የሚሉት?» ዴቢያን በሚባለው የሊኑክስ ሲስተም ላይ ከፓኬጁ (ለመጫን ተዘጋጅቶ ከሚቀርበው ፕሮግራም) ቨርዥን ቁጥር ኋላ ፕላስ ቢ1 (+b1) የሚል ያየ ሰው ነው እንዲህ የጻፈው። ይህን አስተያየት ደጋግሜ አይቼዋለሁና ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ሪቢልድ አዲስ ቨርዥን አይደለም። ያው ኮድ፣ ሪፖዚተሪው (የፓኬጆች ማከማቻው) ውስጥ ዛሬ ባሉት ላይብረሪዎች (ፕሮግራሞች በጋራ የሚጠቀሙባቸው የኮድ ስብስቦች) ልክ እንደገና ቢልድ ሲደረግ፣ ማለትም ወደሚሠራ ፕሮግራም ሲቀየር ነው። የተማሪ ዩኒፎርም አስቡ። ቀለሙም አሰፋፉም ያምናው ነው፤ ልጁ ግን ክረምቱን አድጓል። ስለዚህ ልብስ ሰፊው እንደገና ይለካል። ኮዱ አሰፋፉ ነው፣ ላይብረሪው ልጁ፣ ፓኬጁ ደግሞ የተሰፋው ልብስ።

ሌላው የሊኑክስ ሲስተም ኡቡንቱ በ22.04 ቨርዥኑ ኦፕንኤስኤስኤል የተባለውን የምስጠራ ላይብረሪ ከ1.1 ወደ 3 ሲያሸጋግር የላይብረሪው መለያ ስምም አብሮ ተቀየረ። በአሮጌው የተሠራ ፕሮግራም የድሮውን ስም ይፈልጋል፣ ያጣዋል፣ አይነሳም። እዚህ ጋ ነው ያ አስተያየት ሰጪ «ሲምሊንክ (ወደ ሌላ ፋይል የሚመራ አቋራጭ ስም) ሥሩና አዲሱን በአሮጌው ስም ጥሩት» የሚለው። እባካችሁ አታድርጉት! ልጁን ባምና ቁጥሩ ስለጠራችሁት ልብሱ አይበቃውም። ስሙ የተቀየረው ውስጡ ስለተቀየረ ነው። ኦፕንኤስኤስኤል ሲምቦሎቹ (የፈንክሽኖቹ ስሞች) ላይ የቨርዥን ምልክት ስላለው ወዲያው እምቢ ይላል፤ ይህ ደግ ነው። ምልክት የሌለው ላይብረሪ ግን ፕሮግራሙን ያስነሳውና ኋላ ላይ ዳታ ሊያበላሽ ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ2024 ዴቢያን ውስጥ የሆነውም ይኸው ነው። ባለ 32 ቢት ሲስተሞች ላይ የጊዜ ቆጠራው በጥር 2038 ስለሚሞላ ወደ 64 ቢት ሰፋ። በመቶዎች የሚቆጠሩ ላይብረሪዎች የፓኬጅ ስማቸው ላይ ቲ64 ተጨመረ፣ በእነሱ ላይ የቆሙትም ሪቢልድ ተደረጉ። አይ386 (ባለ 32 ቢቱ የኢንቴል ዓይነት ፒሲ) ብቻ የድሮ ፕሮግራሞች እንዳይሰበሩ ሲባል በነበረበት ቀረ።

ሪቢልድ ሁልጊዜ በራሱ ይሳካል ማለት ግን አይደለም። ላይብረሪው አንድ ፈንክሽን አውጥቶ ከሆነ ኮዱን መንካት ግድ ይላል።

አንድ ነገር ልጨምር፦ «ሪፖውን አፕዴት አድርጋችሁ ቢልድ አድርጉ» የሚለው ምክርም ግማሽ ነው። 22.04 ላይ ቢልድ ያደረጋችሁትን ወደ 20.04 ብትወስዱት ብዙ ጊዜ «ጂሊብሲ 2.34 አልተገኘም» ብሎ ይቆማል፤ ጂሊብሲ አብዛኞቹ ፕሮግራሞች የሚቆሙበት መሠረታዊ ላይብረሪ ነው። ከአሮጌው ወደ አዲሱ ሲሆን ግን ጂሊብሲ በኩል ችግር የለም። ስለዚህ እንደ ኤስቢልድ ባለ መሣሪያ፣ ፓኬጁ የሚጫንበትን ዲስትሮ (የሊኑክስ ዓይነትና ቨርዥን) ብቻ የያዘ ንጹሕ ክሩት (ከዋናው ሲስተም ተለይቶ በራሱ ፎልደር ያለ ሲስተም) ውስጥ ቢልድ አድርጉ።